በድሮ የዜና ፊልም ውስጥ ደሴን እንዴት እንፈልጋት?

የ1960ዎቹን ደሴ በተንቀሳቃሽ ምስል ማየት የሚፈልግ ሰው አንድ ነገር ቀድሞ ይወቅ። ከተማችን ያኔ የራሷ የቴሌቪዥን ጣቢያ አልነበራትም። የአገሪቱ ቴሌቪዥን አንድ ነበር፤ እሱም በ1957 አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው። በአሜሪካ በዚያው ዘመን ብዙ ከተሞች የየራሳቸው ጣቢያ ነበራቸው። ካሜራማኑ ጠዋት ይወጣል። የእሳት ቃጠሎ፣ የትምህርት ቤት መክፈቻ፣ የሠራተኞች አድማ፣ የገበያ ግርግር ይቀርጻል። ማታ በዜና ይታያል። ብዙው ፊልም በኋላ ተጥሏል። የተረፈው ግን ዩኒቨርሲቲና ቤተ መዛግብት ገብቶ፣ ዛሬ የከተማው ሰው አያቱን ይፈልግበታል።

ደሴ እንዲህ ያለ ዕድል አላገኘችም። ወሎን የቀረጹት በአብዛኛው ከውጭ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ የመጡትም ለረሃቡ ነው። ጥቅምት 8 ቀን 1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ዘገባ በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። ዓለም የወሎን ስም ያወቀው ያን ጊዜ ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ደግሞ ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ተቀጣጥሎ በእኛው ቴሌቪዥን ቀረበ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ስለዚህ ዛሬ አንድ የደሴ ልጅ በስልኩ «ወሎ» ብሎ የድሮ ፊልም ሲፈልግ የሚወጣለት የራበው ሰው ፊት ነው። ከዚያ ውጭ ወሎ ምንም ያልነበረባት ይመስለዋል።

ካሜራ ግን ባለቤቱ የፈለገውን ብቻ አይቀርጽም። ከፊት ለፊት ካለው ሰው ጀርባ ሱቅ አለ። የሱቁ ስም ተጽፏል። ደብተር የያዙ ተማሪዎች ያልፋሉ። የጭነት መኪና ቆሟል፤ ሾፌሩ ሻይ እየጠጣ ነው። ከዚያ ሁሉ በላይ የጦሳ ተራራ አለ። ከተማችን እዚያ ውስጥ አለች፤ ግን በጨረፍታ፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው የምትታየው። ይሄ መመሪያ እነዚያን ጥቂት ሰከንዶች እንዴት እንደምታገኟቸው፣ ቦታና ዘመናቸውን እንዴት እንደምታውቁ፣ እንዴትም እንደምትመዘግቧቸው ነው። እኔ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ከጎረቤቶቼና ከድሮ ተማሪዎቼ ጋር ቡና እየጠጣን የምንሠራውን ነው የምጽፍላችሁ። በ2014ቱ ጦርነት የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። የፎቶ አልበሙ የጠፋበት ቤተሰብም አለ። ይሄን ሥራ ለነገ ማቆየት የማይቻለው ለዚህ ነው።

ፍለጋው

ከዘመን አቆጣጠር ጀምሩ። የውጭ ድርጅት ፊልም የሚመዘገበው በፈረንጅ ነው። ሽማግሌዎቻችን የሚያስታውሱት በእኛ ነው። የፈረንጆቹ ሰባዎቹ ማለት ለእኛ ከ1962 እስከ 1972 ያለው ጊዜ ነው። ከጃንዋሪ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ያለውን 8 ቀንሱለት፤ ከዚያ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ያለውን 7። ይሄን ወረቀት ላይ ጻፉና ግድግዳ ላይ ለጥፉት። በቃል ያዝኩት የሚል ሰው መሐል ላይ ይምታታበታል።

ሁለተኛው የስም አጻጻፍ ነው። ደሴ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት ተጽፋ አታውቅም። ኤስ አንዳንዴ አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት ነው። መጨረሻው ኢ ብቻ፣ ወይም አይ እና ኢ፣ ወይም ዋይ ይሆናል። ወሎም እንዲሁ ነች፤ ኤል አንድም ሁለትም ይሆናል፣ ከደብልዩ ቀጥሎ ኦ ወይም ኢ ይመጣል። ሁሉንም ሞክሩ። ኮምቦልቻ፣ ወልድያና ኮረም ላይም ተመሳሳይ ችግር አለ። ኮረም ያኔ በወሎ ሥር እንደነበረች አትርሱ።

ብዙ ጊዜ ግን የከተማው ስም ጭራሽ አይጻፍም። የመዝገቡ ጸሐፊ የኖረው ለንደን ወይም ኒውዮርክ ነው። ለእሱ ሁሉም «ኢትዮጵያ» ነው። ስለዚህ የአገሪቱን ስም ከዓመቱ ጋር አድርጉና ድርቅ፣ ረሃብ፣ የእርዳታ ካምፕ፣ የእህል መኪና፣ የአሰብ መንገድ እያላችሁ ፈልጉ። ያን ጊዜ ነው ያልጠበቃችሁት የሚወጣው። የእህል መኪና ለመቅረጽ የቆመ ካሜራ የኮምቦልቻን መንገድ ሙሉውን ይዞት ይገኛል።

የት ትፈልጋላችሁ? ብሪቲሽ ፓቴ በ2014 በፈረንጅ ወደ 85 ሺህ የሚጠጉ ፊልሞቹን ዩቲዩብ ላይ ጭኗል። በማግስቱ ዓመት ደግሞ አሶሼትድ ፕሬስ ብዙ መቶ ሺህ ቁርጥራጭ ፊልሞችን ጭኗል። በነጻ ይታያሉ። እዚህ አገር ቤት የቀድሞው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን፣ የዛሬው ኢቢሲ አለ፤ ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አለ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። ወደነዚህ ስትሄዱ ከትምህርት ቤት፣ ከዕድር ወይም ከቀበሌ የትብብር ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ። የምትፈልጉትንም ጠበብ አድርጋችሁ ጻፉ። «የድሮ የወሎ ፊልም» አትበሉ። «ከመስከረም 1966 እስከ ጥር 1967 በደሴና በኮምቦልቻ መሐል የተቀረጸ» ብትሉ ፈላጊውም አይደክም።

የፒስ ኮር፣ ማለትም የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች ድርጅት፣ አስተማሪዎችንም አትርሱ። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ደሴ ውስጥ ያስተማሩ አሜሪካውያን ነበሩ። አንዳንዶቹ ፎቶግራፋቸውንና 8 ሚሊ ሜትር የቤት ፊልማቸውን በስተርጅና ለቤተ መጻሕፍት ሰጥተዋል ወይም ልጆቻቸው ዩቲዩብ ላይ አውጥተውታል። ለእኔ እነዚህ ከዜናው ይበልጡብኛል። ዜና ቀራጩ መከራ ፍለጋ ነው የመጣው። አስተማሪው ግን ተማሪዎቹን፣ ሠራተኛዋን፣ የሰኞ ገበያን፣ የጥምቀትን ዕለት ነው የቀረጸው።

ምናልባት እቤታችሁ ቆርቆሮ ውስጥ የተጠቀለለ ፊልም ካገኛችሁ በምንም ዓይነት ማሽን ላይ ለማጫወት አትሞክሩ። የደረቀ ፊልም ይበጠሳል። ክዳኑን ከፍታችሁ አሽትቱት። የኮምጣጤ ሽታ ካለው መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው፤ ከሌሎቹ ለይታችሁ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አኑሩት። ስፋቱን በማስመሪያ ለኩት። 16 ሚሊ ሜትር ከሆነ የባለሙያ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ 8 ከሆነ የቤት ፊልም ነው። ኮዳክ ከሆነ ጠርዙ ላይ ክብ፣ አራት ማዕዘንና ሦስት ማዕዘን ምልክቶች አሉ። ፊልሙ የተመረተበትን ዓመት የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ምልክቶቹ በየ20 ዓመቱ ስለሚደገሙ ግን ብቻቸውን አይበቁም።

ካሜራማኑ እንዴት ይሠራ እንደነበር

ይሄን ሳያውቁ ፊልሙን ማንበብ ያሳስታል። የዚያ ዘመን የዜና ካሜራ በብዛት የሚሠራው በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ነው። ትንሹ ጥቅል 100 ጫማ ነው፤ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ፊልሙ ውድ ነው፤ ወሎ ውስጥ ሲያልቅ የሚገዛበት ሱቅ የለም። አንዳንዱ ካሜራ ደግሞ እንደ ሰዓት በእጅ የሚሞላ ነው፤ አንዴ ተሞልቶ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሄድም። ስለዚህ እያንዳንዱ ምስል ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው የሚቆየው። ቁጭ ብላችሁ ዝም ብላችሁ ካያችሁት ምንም አታዩም። ማቆም አለባችሁ። ዩቲዩብ ላይ ከሆነ ፍጥነቱን ወደ ሩብ አውርዱት። ኮምፒውተር ላይ ካቆማችሁት በኋላ የነጥብና የነጠላ ሰረዝ (. እና ,) ቁልፎቹን ተጫኑ፤ ምስሉ አንድ በአንድ ወደፊትና ወደኋላ ይሄድላችኋል።

ድምፁን አትመኑት። ብዙው የዜና ፊልም ያለ ድምፅ ነው የሚቀረጸው። የገበያ ጫጫታው፣ የመኪናው ጡሩንባ፣ አንዳንዴ አዛኑና ደወሉ ሳይቀር በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ የተጨመረ ሊሆን ይችላል። «አዛን ይሰማል፣ ስለዚህ ሸዋ በር መስጊድ አጠገብ ነው» ብሎ መደምደም አይቻልም።

ቅደም ተከተሉንም አትመኑት። አራሚው ፊልሙን የሚቆርጠው ለታሪኩ እንዲመቸው ነው። ደሴ ላይ የተቀረጸ ልጅ ወደ ቀኝ ይመለከታል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ገበያ ባቲ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው መርምሩት። የአንዱ ቦታ ታወቀ ማለት የሚቀጥለው ታወቀ ማለት አይደለም።

ቀለሙ ላይ አንድ ነገር ልበል። የእኛ ቴሌቪዥን ከ1970ዎቹ አጋማሽ በፊት በመደበኛነት ጥቁርና ነጭ ነበር። ስለዚህ የ66 ዓመተ ምሕረት ባለቀለም የደሴ ፊልም ካያችሁ የውጭ ሰው እጅ አለበት ብላችሁ ብትጠረጥሩ አያስወቅስም። ጥቁርና ነጭ ከሆነ ግን የማንም ሊሆን ይችላል። ወደ ቀይ የሄደ ቀለም ፊልሙ መደብዘዙን እንጂ ዕድሜውን አይናገርም።

ተገልብጦ የተጫነ ፊልምም አለ፤ ግራው ቀኝ ሆኖ። የእኛ ፊደል እዚህ ላይ ይረዳናል። ሰሌዳው ላይ «ሆቴል» የሚለው ወደኋላ ከተነበበ ገልብጡት። ሰሌዳ ከሌለ የነጠላ አጣጣልንና የሰዓት እጅን ተመልከቱ። የሁሉም ሰው ሰዓት ቀኝ እጁ ላይ ከሆነ ጠርጥሩ።

ቦታውን ማወቅ፦ ጦሳን ጠይቁት

ሕንጻ ይፈርሳል፣ መንገድ ይሰፋል፣ ሱቅ ስሙን ይቀይራል። የተራራ ጫፍ ግን በሃምሳ ዓመት አይለወጥም። ደሴ ለዚህ ሥራ የታደለች ከተማ ናት፤ በምዕራብ ጦሳ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል ይዘዋታል። ካሜራው ትንሽ ቀና ካለ አንደኛውን መያዙ አይቀርም።

እንዲህ አድርጉ። ተራራው የሚታይበትን ምስል አቁሙና ፎቶ አንሱት። ብታትሙት ይሻላል፤ ስልክ ፀሐይ ላይ አይታይም። ከተራራው ጫፍ ላይ ሁለት ጎላ ያሉ ምልክቶች ምረጡ፤ ጎድጓዳ፣ ጉብታ ወይም ቋጥኝ። ከዚያ ወረቀቱን ይዛችሁ ውጡ። ከሸዋ በር ወደ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ወደ ሆጤ እየሄዳችሁ ሁለቱ ምልክቶች በመሐላቸው ያለው ርቀትና አቀማመጥ እንደ ፎቶው የሚሆንበትን ቦታ ፈልጉ። በስተመጨረሻ ካሜራማኑ የቆመበት ቦታ ላይ ትቆማላችሁ። ጥቂት እርምጃ ልዩነት ሊኖር ይችላል፤ ሰፈሩን ግን አትስቱም።

አንድ ጊዜ ሁለት ሽማግሌዎች እኔ ቤት ተከራከሩ። በፊልሙ ውስጥ ባለ ሰማያዊ በር ሱቅ አለ። አንዱ ጋሼ «አራዳ ነው፤ እዚያ በር ላይ ነው ያደግሁት» አሉ። ሌላኛው «ኧረ ወንድሜ፣ ይሄማ ሸዋ በር ነው» አሉ። ሁለቱም ከልባቸው ነው። ክርክሩ በሰማያዊ በር አያልቅም፤ ሰማያዊ በር የትም ሞልቷል። በማግስቱ ምስሉን ይዘን ሦስታችንም ወጣን። አራዳ ስንደርስ የጦሳ ጉብታ ከፎቶው በጣም ወደ ግራ ቀረ። ሸዋ በር ላይ ልክ ሆነ። የተሸነፉት ጋሼ ዝም ብለው ትንሽ ካዩ በኋላ «ለካስ እኔ የማስበው የእኅቴን በር ነው» አሉና የዚያን ቤት ታሪክ ጀመሩልን። እሱንም መዘገብነው። የተሳሳተ ግምት እንኳ ትክክለኛ ታሪክ ይዞ ይመጣል።

ፀሐይም ትመሰክራለች። ፀሐይ ያረፈችበት ጦሳ ከሆነ ጠዋት ነው። ጦሳ ጠቁሮ አዝዋ ገደል ካበራ ከሰዓት በኋላ ነው። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለሆነች እኩለ ቀን ላይ የሰው ጥላ ወደ ደቡብ የሚወድቀው ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ግድም ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ ወደ ሰሜን ነው። የተራራው አቅጣጫ ከታወቀ በኋላ ጥላው ወሩን ያጠብላችኋል። ጦሳ ላይ ያለው ሣርና ጉምም ይጨምርበታል።

ደሴና ኮምቦልቻን የሚያምታታ ብዙ ነው። መሐላቸው ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከፍታቸው ግን ለየቅል ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ነች፤ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ 1,850 ገደማ ትሆናላችሁ። ስለዚህ ልብሱን ተመልከቱ። ረፋድ ላይ ሰው ሁሉ ጋቢ ደርቦ ከታየ ደሴን ገምቱ። ሜዳው ከሰፋ፣ ወንዙ ቦርከናን ከመሰለ፣ የአሰብ መኪናዎች ተራ ይዘው ከቆሙ ኮምቦልቻ ነው። ግመልና አፋሮች በብዛት ካሉ ባቲ ነው፤ የባቲ ገበያ ሰኞ ስለሆነ ቀኑንም አገኛችሁት ማለት ነው።

ዘመኑን ማወቅ

እዚህ ላይ ረጅም አልሄድም፤ ጽሑፍ ማንበብ ብቻ ነው። «ቀበሌ» የሚል ሰሌዳ ካለ ፊልሙ ከሐምሌ 1967 በፊት ሊሆን አይችልም፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የወጣው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ነው፤ ቀበሌዎቹም ከዚያ ወዲህ ነው የተደራጁት። «የወሎ ጠቅላይ ግዛት» ከተባለ የንጉሡ ዘመን ሽታ አለው፤ «ክፍለ ሀገር» ከተባለ የደርግ ነው። ባንዲራው ላይ አንበሳ አለ? የንጉሠ ነገሥቱ ፎቶ ተሰቅሏል? «ኢትዮጵያ ትቅደም» ከ1966 ክረምት ወዲህ ነው። ካኪ የለበሱ ዘማቾች ከታዩ ታኅሣሥ 1967 ከተጀመረው ከእድገት በሕብረት ዘመቻ ወዲህ ነው። አዛውንቶች ደብተር ይዘው ጥላ ሥር ከተቀመጡ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ይሆናል፤ እሱ የተጀመረው ሐምሌ 1971 ነው። ገበያ ላይ ብር በቅርብ ከታየ ደግሞ ምስሉን አቁሙት። የንጉሡ ምስል የሌለበት ብር የወጣው በ1969 ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ምልክት የሚናገረው «ከዚህ በፊት አይደለም» የሚለውን ነው። «ከዚህ በኋላ አይደለም» ማለት አይችልም። የድሮ ሰሌዳ ለዓመታት ሳይነሳ ይቆያል። አንበሳው ቀለም ሳይቀባበት የቀረ ግድግዳ ስንት አለ።

ምስክር በሙያው ነው የሚመረጠው

ሽማግሌ ሰብስቦ «ይሄን ታውቃላችሁ?» ማለት አይበቃም። ለያንዳንዱ ነገር የሚያውቀው ሰው አለ። ለልብስ ልብስ ሰፊ ፈልጉ። እኛ ጋ የሚመጡ አንድ አባባ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ፊትም ሕንጻም አይተው ምንም አላሉም። የወጣቶቹን ሱሪ ሲያዩ ግን «ቆይ ቆይ፣ ቲቸር፣ መልሺው እስቲ» አሉ። «ይሄ ቤልቦተም ጉልበቱ ላይ ገና አልጠበበም። ይሄ ከዘመቻው በፊት ነው። በኋላ እኮ ጨርቁም ጠፋ፣ ልጆቹም ጠፉ።» የኋለኛው ቃላቸው ምን ማለት እንደሆነ የደሴ ሰው ያውቃል። ትንሽ ዝም አልን።

ለመኪና የአሰብ መስመር ሾፌር ፈልጉ። ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና ከሩቅ በካቢኑ ይለየዋል። ለፀጉርና ለአፍሮ ፀጉር አስተካካይ አለ። ለሱቅ ሰሌዳ የድሮ ደብዳቤ አዳይ ወይም የሻይ ቤት ባለቤት አለች። ለትምህርት ቤት ዩኒፎርም የወይዘሮ ስኂን ተማሪ የነበረ ሰው አይታጣም። እናቶችን ደግሞ ስለ ሁሉም ነገር ጠይቁ፤ ምክንያቱም ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

አጠያየቁ ላይ ሁለት ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ መልሱን አትንገሯቸው። «እማማ፣ ይሄ ፒያሳ ነው አይደል?» ካላችሁ «አዎ ልጄ» ይሏችኋል፤ ደግ ስለሆኑ ነው። «ምን ይታይዎታል?» በሉ፤ ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ቢረዝም እንኳ አትቁረጡት። ሁለተኛ፣ መጀመሪያ ለየብቻ አሳዩ። አብረው ከተቀመጡ ጎበዝ ተናጋሪው ሌላውን ይጎትተዋል። ለየብቻ ያሉትን ከጻፋችሁ በኋላ ቡናው ላይ አገናኟቸውና ይከራከሩ፤ ያ ጨዋታ ሌላ በረከት አለው። ሁለት ሰው ሳይነጋገር አንድ ነገር ካለ ያን ጊዜ «የተረጋገጠ» ብዬ እጽፋለሁ።

ዓመት አትጠይቁ። «በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ሲባል ሰው ይጨነቃል። «ከረሃቡ በፊት ነው በኋላ? ልጅሽ ተወልዶ ነበር? ዘመቻ ሄደሽ ነበር?» በሉ። ከዚያ ዓመቱን እናንተ አስሉት።

ለተራበው ሰው የሚሰጥ ክብር

ከተማውን ፍለጋ የምንሄደው በረሃቡ ፊልም በኩል ስለሆነ ይሄን ሳልል አላልፍም። ከፊት ያለው ሰው ለእኔ ከተማውን የጋረደ «ከለላ» አይደለም። እሱም ከሆነ ቀዬ የመጣ፣ ስም ያለው፣ ከብቱን ሸጦ የጨረሰ ገበሬ ነው። አስፋልቱ ዳር የተቀመጠችው እናትም እንዲሁ። ስለዚህ ፊልሙን ሳታዩት ለሽማግሌ አታሳዩ። መጀመሪያ ራሳችሁ እዩት፤ ከባዱ ምስል የትኛው ሰከንድ ላይ እንዳለ ጻፉ። ከዚያ «የ66ቱ ነገር አለበት፣ ላሳይዎት ወይስ ልዝለለው?» ብላችሁ ጠይቁ። «አትዝለይው» የሚሉ አሉ። «ተይኝ ልጄ» የሚሉም አሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው።

አንዲት እትዬ ነበሩ። ካምፑን እንዳሳያቸው ፈቀዱ። የማንንም ፊት አላወቁም። ወደኋላ፣ ውሃ ተሸክማ የምትሄድ አንዲት ሴት ሲያዩ ግን እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «አካሄዷ» አሉ። «አካሄዷ የእኅቴ ነው።» ፊቷ አይታይም፤ ማረጋገጥ አይቻልም። እኔ መዝገቡ ላይ የጻፍኩት «አንዲት የሰፈር እናት አካሄዷን ከእኅታቸው ጋር አመሳስለውታል፤ አልተረጋገጠም» ብዬ ነው። ምስሉን አሳትሜ ሰጠኋቸው። እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ አትከራከሩ፤ አብሽሩ በሉና ቡና ቅዱ።

የራበውን ልጅ ፊት ቆርጣችሁ ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። ዘመድ አለው። የከተማውን ክፍል ለብቻው ቆርጣችሁ ማውጣት ትችላላችሁ፤ ከየትኛው ፊልም እንደተወሰደና ፊልሙ ስለ ምን እንደሆነ ግን አብራችሁ ጻፉ። ረሃቡን ደብቀን ሱቁን ብቻ ብናሳይ በ66 የተሠራውን እኛም ደገምነው ማለት ነው።

መመዝገብና ማኖር

ለያንዳንዱ ቁራጭ አንድ መስመር ያዙ። የፊልሙ ምንጭና ርዕስ፤ ቁራጩ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ደቂቃና ሰከንድ፤ የሚታየው ነገር፤ ቦታው፤ ዘመኑ በእኛም በፈረንጅም፤ እንዴት እንደታወቀ፤ ማን እንዳለ። «እንዴት እንደታወቀ» የሚለውን ባዶ አትተዉ። «በጦሳ ጫፍ» ወይም «በሰሌዳ» ወይም «በሁለት ምስክር» በሉ። ግምት ከሆነ «ግምት» ተብሎ ይጻፍ። የሚቀጥለው ሰው የሚያርመው እሱን አይቶ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሲናገሩ በፈቃዳቸው ድምፃቸውን ቅረጹ። ስልክ ጠረጴዛ ላይ በግልጽ ይቀመጥ፤ ከነጠላ ሥር አይደበቅ። ስማቸው እንዲጻፍ ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቁ። በመጀመሪያ ያሉበትን ቃል አታቃኑት፤ «ወፍጮ ቤቷ ጋ» ካሉ «ወፍጮ ቤቷ ጋ» ተብሎ ይቀመጥ።

የፋይል ስም በዓመት ይጀምር፤ ቀጥሎ ከተማ፣ ሰፈር፣ የምንጩ ስም። 1966 ደሴ ሸዋ በር፣ እንዲህ። ያን ጊዜ በተርታ ይሰለፉላችኋል። ቅጂው አንድ ቦታ ብቻ አይሁን። አንዱ ኮምፒውተር ላይ፣ አንዱ ፍላሽ ላይ፣ አንዱ ከደሴ ውጭ ያለ ዘመድ ጋ ይቀመጥ። ይሄን የምለው ከጦርነቱ ወዲህ ነው። የተሠራው ዝርዝር ታትሞ ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍትና ለወሎ ዩኒቨርሲቲም ይሰጥ፤ ወረቀት መብራት ሲጠፋም ይነበባል። የፊልሙ ባለቤት ሌላ ስለሆነ ፊልሙን ራሱን ሳይፈቀድላችሁ አትሽጡ፣ አታባዙ። ዝርዝሩ ግን የእናንተና የምስክሮቹ ሥራ ነው፤ ለፈለገ ሁሉ ስጡት።

ለፊልሙ ባለቤት ድርጅትም ጻፉለት። «ይሄ ደቂቃ ላይ ያለው አዲስ አበባ ተብሏል፤ ደሴ ነው፤ ማስረጃው ይሄ ነው» በሉና የዛሬውንና የድሮውን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ላኩ። መዝገቡን ካረሙት ቀጣዩ የደሴ ልጅ ስሟን ጽፎ ሲፈልግ ከተማዋ ትወጣለታለች።